የስድስተኛው ወር ሒሳብ

ለአራስ የምናወጣውን ወጪ ሁላችንም እናውቀዋለን፦ ለገንፎው ዱቄትና ቅቤ፣ ለአጥሚቱ፣ ለዶሮው፣ አቅም ካለም ለበጉ። በማኅበራችን የማኅበራዊ ፈንድ መዝገብ ላይም «የአራስ መጠየቂያ» የሚል ርዕስ አለ። «ለነፍሰ ጡር» የሚል ግን የለም። መዝገቡን የምንይዘው እኛ በመሆናችን ይህ ባዶ ቦታ ሲያሳስበን ከርሞ፣ ነፍሰ ጡርን ከመውለዷ በፊት መመገብ ምን ያህል እንደሚጠቅም ዓለም መቼና እንዴት እንደ ተረዳ ለማንበብ ተነሣን። ያገኘነው ታሪክ ከሕንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሴት ሠራተኞች ይጀምራል።

ሉሲ ሲባል እኛ አገር መጀመሪያ ትዝ የምትለው ድንቅነሽ ናት። የዚህ ታሪክ ሉሲ ግን እ.ኤ.አ. በ1888 የተወለዱት እንግሊዛዊት ሐኪም ሉሲ ዊልስ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1928 መጨረሻ ወደ ቦምቤይ፣ የዛሬዋ ሙምባይ፣ የሄዱት በእርግዝና ወቅት ሴቶችን የሚገድል ከባድ የደም ማነስ ለማጥናት ነበር። ብዙዎቹ ታማሚዎች በፋብሪካ የሚሠሩ ድሆች ነበሩ። ዶክተር ዊልስ የበሽታው መነሻ ተህዋስ ይሆን ብለው ፈለጉ፤ አላገኙም። ስለዚህ ሴቶቹ ምን እንደሚበሉ መጠየቅ ጀመሩ። መልሱ ከኪሳቸው ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኘ፤ ከገበታቸው ላይ አትክልት፣ ፍራፍሬና ወተት ጠፍቶ ነበር።

በዚያን ዘመን ለአንድ ዓይነት ገዳይ የደም ማነስ ጉበት መብላት እንደሚያድን ታውቋል። ጉበት ግን ለድሃ የሚቀመስ አይደለም። ዶክተር ዊልስ ርካሽ ነገር ሲፈልጉ ያገኙት ማርማይትን ነው። ማርማይት እንግሊዞች ዳቦ ላይ የሚቀቡት፣ ከቢራ ጠመቃ ከተረፈ እርሾ የሚሠራ ጥቁር ማባያ ነው፤ የጠላችን አተላ የሩቅ ዘመድ ማለት ነው። (ይህን ያነበበች ነፍሰ ጡር ወደ ጠላው እንዳትሄድ አደራ!) በጽኑ የታመሙት ሴቶች እርሾውን ሲወስዱ ደማቸው መመለስ ጀመረ። ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ1931 ታተመ። እርሾው ውስጥ ያለው ፈዋሽ ነገር ምን እንደሆነ ስላልታወቀ ለዓመታት «የዊልስ ንጥረ ነገር» ሲባል ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1941 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ከስፒናች ቅጠል አጣርተው ሲያወጡት፣ በላቲን ቅጠል ከሚለው ቃል ወስደው ፎሊክ አሲድ አሉት። ዛሬ በጤና ኬላ ከአይረን ጋር በአንድ ክኒን የሚሰጠን ይኸው ነው። ፎሊክ አሲድ የሕፃኑን ኅብለ ሰረሰር ከጉዳት እንዲጠብቅ ከተፈለገ ከማርገዝ በፊትና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መወሰድ አለበት። በስድስተኛው ወር የሚያስፈልግበት ምክንያት የደም ጉዳይ ነው።

በዚህ ወር እናትየው ብዙ ደም እየሠራች ነው፤ እስከ ስምንተኛው ወር ድረስ የደሟ መጠን ከቀድሞው በግማሽ ያህል ይጨምራል። ፈሳሹ ቀድሞ ይበዛል፤ ቀዩ የደም ሕዋስ ወደ ኋላ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት የደም ማነስ መለኪያውን በመጀመሪያውና በመጨረሻው ሦስት ወር 11 ግራም፣ በመካከለኛው ሦስት ወር ግን 10.5 ግራም በዴሲ ሊትር ያደረገው በዚህ ምክንያት ነው። የሚያስፈልጋት ተጨማሪ ምግብ ብዙ አይደለም፤ በቀን ወደ 340 ኪሎ ካሎሪ፣ ማለትም አንድ ደህና መክሰስ ነው። «ለሁለት ሰው ብዪ» የሚባለው የተጋነነ ነው።

ችግሩ በእኛ አካባቢ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ምክር ተቃራኒው መሆኑ ነው። ሆዷ ገፋ ሲል «ልጁ ከገዘፈ ምጥ ይጸናብሻል፣ ቀነስ አድርጊ» ትባላለች። ይህን የሚሉ እናቶቻችንን አላዋቂ አንላቸውም። ቀዶ ሕክምና በሌለበት ዘመን ምጥ ጠንቶባቸው የቀሩ ሴቶችን በዓይናቸው አይተዋል። ነገር ግን እናትየው ስትራብ ዳሌዋ አይሰፋም። ደሟ ያንሳል፤ በወሊድ ጊዜ ደም ሲፈስሳትም መቋቋሚያ ታጣለች።

እንግሊዝ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምግብ በኩፖን ስታከፋፍል ለነፍሰ ጡሮች የተለየ አረንጓዴ ደብተር ሰጥታ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1940 ጀምሮ ወተት በርካሽ ወይም በነፃ እንዲያገኙም አደረገች። በእነዚያ የጦርነት ዓመታት ሞተው የሚወለዱ ሕፃናት ቁጥር ቀነሰ። ወጪው ከመውለድ በፊት የተመዘገበ መሆኑን እንደ ሒሳብ ሠራተኛ ሳናደንቅ አናልፍም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ክኒኑን ወደ ቀበሌያችን አቅርቦታል። እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በእርግዝናቸው ወቅት አይረን የወሰዱት ከመቶ 17 ሴቶች ነበሩ፤ በ2016 ከመቶ 42 ደረሱ። 90 ቀንና ከዚያ በላይ የወሰዱት ግን በዚያ ዓመት ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ። ክኒኑ እጃችን ይገባና ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀራል ማለት ነው። ያቅለሸልሻል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ሰገራም ያጠቁራል፤ ጥቁረቱ ግን ጉዳት የለውም። ክትትል የምንጀምረውም ብዙዎቻችን ከአራተኛው ወር በኋላ ስለሆነ ቀኑ ያጥርብናል።

ዶክተር ዊልስ ከእርሾ ያገኙት ነገር በምስር፣ በባቄላና በጎመንም ውስጥ አለ። ጎመኑን ቀቅሎ ውኃውን መድፋት ግን አብዛኛውን አብሮ መድፋት ነው። ቡናም ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው በላዩ ሲጠጣ ሰውነት ከምግቡ አይረን እንዳይወስድ ያግዳል፤ ከምግቡ ሰዓት ራቅ ተደርጎ ቢፈላ ይሻላል። ምስሩ ላይ ሎሚ ጠብ ማድረግ ወይም ቃሪያና ቲማቲም መጨመር ደግሞ ይረዳል። ጾምን በተመለከተ በክርስትናም በእስልምናም ለነፍሰ ጡር ፈቃድ አለ፤ የንስሐ አባትን ወይም ሼኹን መጠየቅ ይቻላል።

በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። የአራስ መጠየቂያው ሲሶ ተቀንሶ አባሏ ስድስተኛ ወሯን ስትይዝ በምስር፣ በእንቁላልና በጎመን መልክ ይድረሳት። አዲስ መዋጮ አይጠይቅም፤ ወጪው ሦስት ወር ወደ ፊት መምጣቱ ብቻ ነው። ነገሩን ለጥቂት አባላት ስናዋያቸው ከሁሉ የከበደው ገንዘቡ አልነበረም። እማማዎቻችን «ማርያም ሳትምራት እንዴት ስጦታ ይሰጣል? ሟርት አይሆንም ወይ?» አሉን። ስጋታቸው ስለገባን በመዝገቡ ላይ ስጦታ የሚለውን ቃል ትተን «የክትትል ስንቅ» ብለን በእርሳስ ጽፈነዋል። የተሻለ ስም ያላችሁ እስከ ጉባኤው ቀን አምጡልን።