የትንሹ ሮቦት ክንድ አመጣጥ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ወርክሾፕ የሮቦት ክንድ እንዲመርጥ በተቋቋመ ኮሚቴ ውስጥ አባል ነበርሁ። የመጀመሪያው ጥያቄያችን «ስንት ኪሎ ያነሣል?» የሚል ነበር። ጠያቂው እኔ ነበርሁ፤ የቴክኖሎጂ ታሪክ እያስተማርሁ!

ጥያቄው እ.ኤ.አ. በ1961 ቢነሣ ተገቢ በሆነ ነበር። በዚያ ዓመት በኒው ጀርሲ፣ በጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ ሥራ የጀመረው ዩኒሜት ተግባሩ ከቅርጽ ማውጫ ማሽን የወጣ፣ ለሠራተኛ እጅ አደገኛ የሆነ ትኩስ ብረት ማንሣት ነበርና።

መገጣጠም ግን ሌላ ጠባይ አለው። የመኪና ክፍሎች አብዛኞቹ ቀላል ናቸው፤ ስለዚህም በ1978 ከቪክተር ሻይንማን ንድፍ የተወለደው ባለ ስድስት መገጣጠሚያው ፑማ ከዩኒሜት እጅግ አነስ ብሎ ወጣ። በዚያው ዓመት በጃፓን፣ በያማናሺ ዩኒቨርሲቲ፣ ፕሮፌሰር ሂሮሺ ማኪኖ ስካራ የተባለውን ክንድ ናሙና ሠሩ። እኔን የሚያስደንቀኝ ይኸኛው ነው። መገጣጠሚያዎቹ አራት ብቻ ናቸው፤ በአግድም ጥቂት ይለዝባል፣ በቁም ግን ጽኑ ነው። ከላይ የሚወርድ ፒን ቀዳዳውን በጥቂቱ ቢስት፣ ክንዱ በቀዳዳው ጠርዝ ተገፍቶ ይስተካከላል። ማኪኖ ልስላሴን እንደ ጉድለት አላዩትም።

የእኛም ወርክሾፕ ሥራ ፒን ከላይ ወደ ታች ማስገባት ነበር። እኛ ግን ባለ ስድስት መገጣጠሚያውን፣ ያውም ብርቱውን ገዛን። ዛሬ ያ ክንድ ከእስክሪብቶ የማይከብድ ፒን ሲያነሣ ይውላል።