ቀብር መቼ ይከፈታል? በጅምላ ለተቀበሩ ወገኖች የሸሪዓው ብይን

ሰኔ 11 ቀን 2014 በምዕራብ ወለጋ ጊምቢ ወረዳ ቶሌ ቀበሌ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተገድለው በጅምላ ተቀበሩ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ከወሎ ሄደው የሰፈሩ ሙስሊም ቤተሰቦች ነበሩ። እንዲህ የተቀበረ ዘመድ ያለው ሰው «አውጥተን ለብቻው እንቅበረው? ወደ ወሎስ እንውሰደው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

መሠረቱ ቀብር አለመነካቱ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሟችን አጥንት መስበር የሕያውን ከመስበር ጋር ማመሳሰላቸውን አቡ ዳዉድ ዘግበዋል።

ብዙዎችን በአንድ ቀብር መቅበር በችግር ጊዜ ይፈቀዳል፤ የኡሑድ ሸሂዶች ሁለትም ሦስትም ሆነው ተቀብረዋል። ጃቢር ኢብኑ ዐብደላህ (ረ.ዐ) ግን አባታቸው ከሌላ ሰው ጋር መቀበራቸው ከንክኗቸው ከስድስት ወር በኋላ አውጥተው ለብቻ እንደቀበሯቸው ቡኻሪ ዘግበዋል።

በሻፊዒይ መዝሀብ ሳይታጠብ ወይም ፊቱ ወደ ቂብላ ሳይዞር የተቀበረ ሰው ቀብሩ የሚከፈተው አካሉ ካልተለወጠ ነው። በተነጠቀ መሬት ወይም ውድ ንብረት አብሮት ከተቀበረም ይከፈታል። ሐነፊዮች የሚፈቅዱት ለሰው ሐቅ ብቻ ነው። ከተቀበረ በኋላ ወደ ሌላ አገር ማዛወርን ሻፊዒዮች ይከለክላሉ፤ ማሊኪዮች ግን አካሉ ካልተጎዳ፣ ክብሩ ካልተነካና ጥቅም ካለው ይፈቅዳሉ።

ሶላተል ጀናዛ ያልተሰገደበት ሟች ቀብሩ አይከፈትም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ትጠርግ ለነበረችው ሴት ቀብሯ ላይ ሰግደዋል። ቤተሰብም ይህንኑ ማድረግ ይችላል።

ለፍትሕ ሲሆን ጉዳዩ ይለያል። የወለጋ ተወላጅ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1971 ተገድለው አስክሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ነው። እውነቱ በሌላ መንገድ የማይታወቅ ከሆነ በርካታ የዘመናችን ዑለማዎች ለምርመራ ቀብር መክፈትን ይፈቅዳሉ። ይህ ግን በሕግ አካል ትእዛዝና በባለሙያ እጅ መሆን አለበት። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግም የሟችን ማረፊያ መድፈርን በወንጀል ያስቀጣል።

ስለዚህ በነቀምት፣ በጊምቢም ሆነ በደምቢ ዶሎ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ አካፋ ከማንሳታችሁ በፊት የአካባቢያችሁን ዑለማዎችና መጅሊስ ጠይቁ። ዓመታት ካለፉ አካሉ ተለውጧልና ለትጥበት ወይም ለቂብላ ብሎ መክፈት የለም። ቦታውን አጥሩ፣ የሟቾቹን ስም መዝግቡ፣ ዱዓ አድርጉላቸው። በግፍ የተገደለ ሙስሊም የሸሂድን ምንዳ እንደሚያገኝ ተስፋ እናደርጋለን።

ወላሁ አዕለም።