ፊርማቸው ከሥዕሉ ግርጌ የሌለ

ስድስት ኪሎ ተምሮ የየካቲት 12 ሐውልትን የማያውቅ የለም። ቀጠሮ የምንይዘው፣ ታክሲ የምንጠብቀው እዚያው ዙሪያ ነበር። ሐውልቱ እ.ኤ.አ. በ1955 የዩጎዝላቪያ ስጦታ ሆኖ መቆሙን፣ ቀራጮቹም አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች መባላቸውን ታሪክ ያጠናን ሰዎች አንዘነጋም። ሐውልት ግን ተመርቆ አያበቃም እኮ! አጥሩን የሚያሳድስ፣ በጀት የሚጠይቅ፣ በየዓመቱ አበባ የሚቀመጥበትን ሥነ ሥርዓት የሚያሰናዳ ሰው ይፈልጋል። የዚያ ሰው ስም ድንጋዩ ላይ አይቀረጽም።

እኔ ከታሪክ ትምህርት ክፍል ተመርቄ አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በባህል አስተዳደር ነው። ስለዚህ ለዚህ የመገናኛ ዓመት መጽሐፍ ጻፍ ስባል፣ ስለ ታላላቅ ሥዕሎች ከመጻፍ ይልቅ ኪነ ጥበብ የሚኖርበትን ቤት ስላቆሙ ሦስት ሰዎች ማውሳት መረጥኩ። ሦስቱም ከግቢያችን ታሪክ ጋር የተሳሰሩ ናቸው።

የመጀመሪያው ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም ናቸው። ሰላሌ ተወልደው፣ ከቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን ወገን ወጥተው፣ አሜሪካ ቺካጎ የሥነ ጥበብ ትምህርት ተከታትለው ተመለሱ። እንዲህ ያለ ሰው ስቱዲዮውን ከፍቶ፣ ከትልልቅ ሰዎች ትእዛዝ እየተቀበለ ጥሩ ኑሮ መኖር ይችል ነበር። እሳቸው ግን ትምህርት ቤት ለመክፈት ደፋ ቀና አሉ፤ በ1950 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሥራ ጀመረ። ዳይሬክተር የሆነ ሠዓሊ የሚከፍለው ዋጋ ምን እንደሆነ በቢሮ የሠራ ሰው ያውቀዋል። ቀኑን የሚበሉት የቀለምና የሸራ ግዢ፣ የመምህር ቅጥር፣ የተማሪ አቤቱታና ማኅተም ናቸው። ለገዛ ሥዕሉ የሚተርፈው ምሽት ነው፤ እሱም ከተገኘ።

ታዲያ ቤቱ ምን አፈራ? ገብረ ክርስቶስ ደስታና እስክንድር ቦጎሲያን ከአውሮፓ ሲመለሱ የሚያስተምሩበት ቦታ አገኙ። ዘሪሁን የትምጌታ፣ ደስታ ሐጎስና ሌሎችም ብዙዎች ከዚያ ወጡ። ትምህርት ቤቱ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተጠቃሎ ዛሬ በመሥራቹ ስም ይጠራል። አቶ አለ በ2008 ዓ.ም. ክረምት ሲያርፉ ስማቸው በሩ ላይ ተጽፎ ነበር። ይህ ዕድል ለብዙዎች አልደረሰም።

ሁለተኛው ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ናቸው። በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ዘመን የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበሩ። ሥራቸው መጽሐፍ መደርደር ብቻ ተብሎ ሊቀር ይችል ነበር። ግን በየነጋዴው እጅ ተበታትነው ወደ ውጭ ይወጡ የነበሩትን ሥዕሎች፣ መስቀሎችና የእጅ ሥራዎች ለቃቅመው ማስቀመጥ ያዙ። እ.ኤ.አ. በ1963 ሪቻርድ ፓንክረስት በዳይሬክተርነት የመሩት የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሲቋቋም ያ ስብስብ ለሙዚየሙ መሠረት ሆነ። የተቋሙ ወዳጆች ማኅበርም ገንዘብ እያሰባሰበ ቅርስ በመግዛት አገዘ። ዛሬ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ወጥተን የምናያቸው የጥንት ሥዕሎች አንድ ሰው መዝግቦ፣ ቁጥር ሰጥቶ፣ መደርደሪያ ለምኖ ያቆያቸው ናቸው።

ሦስተኛው ተስፋዬ ለማ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1963 ግብጻዊው የሙዚቃ ሰው ሃሊም ኤል-ዳብ በዩኒቨርሲቲያችን ሳሉ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረቱ። ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንትና በገና በየፊናቸው ይጫወቱ የነበሩ ናቸው፤ ባንድ መድረክ አብሮ ማስቀመጡ በራሱ አስተዳደር ይጠይቃል። ከተለያየ አካባቢ የመጡ፣ አንዳንዶቹ ኖታ አይተው የማያውቁ ባለሙያዎችን ደመወዝ፣ ልምምድና ጉዞ ማስተካከል ማለት ነው። ተስፋዬ ለማ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ጀምሮ ቡድኑን መሩት፤ እ.ኤ.አ. በ1969ም ብሉ ናይል ግሩፕ በሚል ስም አሜሪካ ዞረ። ከአብዮቱ በኋላ ግን ኦርኬስትራው ተበተነ፤ የቀረን ድምፁ ነው፤ ከዓመታት በኋላ በኢትዮፒክስ ተከታታይ 23ኛ ሲዲ ሆኖ ወጣ።

እንግዲህ ሦስቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጥ አንድ ነገር ይታየኛል። የሁለቱ ሥራ ከመሥራቾቹ በኋላ ቆመ፤ የሦስተኛው አልቆመም። ልዩነቱ የችሎታም የትጋትም አይደለም። ትምህርት ቤቱና ሙዚየሙ የራሳቸው ጣሪያ፣ በመንግሥት በጀት ውስጥ የተጻፈ መደብና ተተኪ ሠራተኛ ነበራቸው። ኦርኬስትራው በሰዎች ላይ የቆመ ነበርና ዘመኑ ሲገለበጥ የሚይዘው አላገኘም። ይህ የኔ ንባብ ነው፤ ባልደረቦቼ ሊከራከሩኝ ይችላሉ። እኔ ግን ከዚህ የምወስደው ትምህርት ግልጽ ነው፦ ለኪነ ጥበብ ትልቁ ውለታ አንዳንዴ አንድ የሥራ መደብ ማስፈቀድ ነው።

ይህን የማነሳው ለትዝታ ያህል ብቻ አይደለም። የአርቲስት ማስረጃው ሥራው ነው፤ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ በካሴት ይቀዳል። የአስተዳዳሪ ማስረጃ ደብዳቤ፣ ቃለ ጉባኤ፣ የግዢ ደረሰኝና የመድረክ ፕሮግራም ነው። ባለቤቱ ሲያልፍ ልጆቹ ቤት ሲያጸዱ ይጣላል። የባህል ማዕከሉን መድረክ ያሰናዱት፣ የኤግዚቢሽን ቁልፍ የያዙት፣ የመምህራንን ደመወዝ የተሟገቱት ብዙዎቹ አሁን በሰማንያዎቹ ዕድሜ ናቸው። አንዳንዶቹም ከኛ ጋር በዚህ ስብሰባ ይገኛሉ።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሁለት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በየመገናኛው አርቲስት ስናከብር ከጎኑ አንድ አስተዳዳሪ እናክብር፤ ጸሐፊም ትሁን የግምጃ ቤት ኃላፊ ወይም ዲን። ሁለተኛ፣ እያንዳንዳችን ቤታችን ያለውን የቆየ ፎቶግራፍ፣ የግብዣ ካርድና ደብዳቤ፣ በጀርባው ማን እንደሆነና መቼ እንደሆነ ጽፈን ለኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍት እናስረክብ። የማያስታውስ ሰው አጠገቡ የተቀመጠውን ይጠይቅ። ለዚህ ሥራ ከዚህ ስብሰባ የተሻለ ጊዜ አናገኝም፤ የሚያስታውሱት ሰዎች ገና አብረውን ናቸውና።