ዮዲት፤ ንግሥት ወይስ ጋለሞታ?

በአፉላ ኢሊት የሚያድጉ ልጆቻችን በሚያነቧቸው ኮሚክስ በተባሉት የሥዕል መጻሕፍት ውስጥ፣ ጀግናዋ ሴት ብዙ ጊዜ ከሥራዋ ይልቅ ገላዋ ጎልቶ ይሳላል። ይህ ግን ከባዕድ ብቻ የመጣ አይደለም። በአገራችንም ተረት ነጋሪዎች በንግሥት ዮዲት ላይ ይህንኑ አድርገዋል።

በ10ኛው መቶ ዘመን የኖረው የመልክዓ ምድር ጸሐፊ ኢብን ሐውቀል፣ ሐበሻን ለብዙ ዓመታት አንዲት ሴት እንደገዛችና ንጉሡን የገደለችው እርሷ እንደሆነች ጽፏል። በዚያው ዘመን የሐበሻ ንጉሥ ለኖባው ንጉሥ ጊዮርጊስ በላከው ደብዳቤ፣ ንግሥቲቱ ከተሞችን እንዳቃጠለችና አብያተ ክርስቲያናትን እንዳፈረሰች አመልክቷል። ጠላቷ እንኳ የከሰሳት በጦርነቷ እንጂ በመልኳ አልነበረም።

በኋላ ዘመን የተነገረው የአክሱም ተረት ግን ሌላ ነው። ዮዲትን ቆንጆ ጋለሞታ ያደርጋታል፤ በፍቅሯ የተያዘ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ከመጋረጃው ወርቅ ቆርጦ ጫማ ያሠራላታል፤ እርሷም በቅጣት ጡቷ ተቆርጦ ትሰደዳለች። ዘመቻዋም የተዋረደች ሴት በቀል ብቻ ሆኖ ቀረ።

በቤተ እስራኤል ትውፊት ዮዲት የንጉሥ ጌዴዎን ልጅና ንግሥት ናት። ሊቃውንት ግን ስለ ሃይማኖቷና ስለ ትውልድ አገሯ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ጥፋቷን መሸፈን አያስፈልግም፤ የወንዶቹንም ነገሥታት ጥፋት እንዲሁ። ሆኖም ልጆቻችን «ዮዲት ማን ነበረች?» ብለው ሲጠይቁን፣ ከጫማዋና ከጡቷ በፊት መንግሥቷን እንንገራቸው።