ነፃ የኦንላይን ኮርሶች በኢትዮጵያ

ነፃ የኦንላይን ኮርሶች ማንኛውም ሰው ያለ መግቢያ ፈተናና ያለ ክፍያ በኢንተርኔት የሚከታተላቸው ትምህርቶች ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ በአጫጭር ቪዲዮ፣ በንባብና በመልመጃ ይሰጣሉ።

አጀማመር

የአሜሪካው ኤም.አይ.ቲ. የትምህርት ጽሑፎቹን በነፃ እንደሚለቅ ያስታወቀው በ1993 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2001) ነው። ከ10 ዓመት በኋላ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ለዓለም በከፈተው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኮርስ 160 ሺህ ያህል ሰው ተመዘገበ። በ2004 ዓ.ም. ዩዳሲቲ፣ ኮርሴራና ኢዴክስ ሥራ ጀመሩ።

ውጤቱ ግን እንደታሰበው አልሆነም። እ.ኤ.አ. በ2019 በሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት እንደሚያሳየው፣ በኤም.አይ.ቲ. እና በሃርቫርድ ኮርሶች እ.ኤ.አ. በ2017/18 ከተመዘገቡት ትምህርቱን የጨረሱት 3.13 በመቶ ብቻ ነበሩ። ቁጥሩን በጥንቃቄ ማንበብ ያስፈልጋል፤ ከተመዝጋቢዎቹ ግማሽ ያህሉ ትምህርቱን ከናካቴው ከፍተውት አያውቁም። «ነፃ» የሚለው ቃልም ጠቧል። ዛሬ በብዙ ኮርሶች ትምህርቱን መመልከት ነፃ ሲሆን የምስክር ወረቀቱ ይከፈልበታል፤ ክፍያው በዶላርና በዓለም አቀፍ ካርድ ስለሆነ ለኢትዮጵያዊ ተማሪ ከዋጋው በላይ መክፈያው መንገድ ይቸግራል።

በኢትዮጵያ

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ ተጀመረ። ፕሮግራሚንግ፣ ዳታ ሳይንስ፣ የአንድሮይድ መተግበሪያ ሥራና የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሠረታዊ ትምህርት በዩዳሲቲ በኩል ይሰጣል፤ የምስክር ወረቀቱም ነፃ ነው።

በመተማና በምዕራብ ጎንደር

መተማ ዮሐንስ ከሱዳኗ ገላባት ጋር የምትዋሰን ከተማ ናት፤ ከጎንደር 200 ኪ.ሜ. ገደማ ትርቃለች። እንዲህ ላለ ስፍራ ነፃ ኮርስ ከሌላው ይልቅ ይጠቅማል፤ ነገር ግን በኔትወርክ ላይ የተንጠለጠለ ነው። በአማራ ክልል ግጭት ሲበረታ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። የወቅቱም ነገር አለ። በቆላው የሰሊጥ አጨዳ በመስከረምና በጥቅምት ይደርሳል፤ የደረሰ ሰሊጥ ከዘገየ ፍሬው ስለሚረግፍ ቤተሰብ ሁሉ ይወጣል። በየሳምንቱ መልመጃ አስረክቡ የሚል ኮርስ ይህን አያውቅም።

ሱዳን በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ውስጥ ስትገባ ብዙ ስደተኞች በመተማ በኩል ገብተው በኩመርና በአውላላ ተጠለሉ። አረብኛ ተናጋሪ የሆነ ስደተኛ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ዮርዳኖስ ውስጥ የሚሠራው ኢድራክ በቋንቋው ነፃ ኮርስ ያቀርብለታል። ድንበሩን የተሻገረው ተማሪ በዚህ ረገድ ከአስተናጋጁ የተሻለ ዕድል አለው፤ በአማርኛ ይህን የሚያህል መድረክ የለምና።

ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩ አማራጮችም አሉ። ኮሊብሪ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ትምህርቱን በአንድ ኮምፒውተር ላይ አከማችቶ በክፍሉ ውስጥ ላሉ ስልኮችና ታብሌቶች በዋይፋይ ያደርሳል። የሚያስፈልገው ኤሌክትሪክ ወይም ሶላር፣ እንዲሁም ይዘቱን አንድ ጊዜ ኢንተርኔት ካለበት ከተማ ጭኖ የሚያመጣ ሰው ነው።