ቄጣላ፦ ከተማን የሚጠይቅ ዜማ በሐዋሳና በቱላ

ቄጣላ ሲዳማዎች ተሰልፈው በኅብረት የሚያዜሙት ባህላዊ ጭፈራ ነው፤ መሪው ያወጣል፣ ሕዝቡ ይቀበላል። በዩኔስኮ በ2008 ዓ.ም. በተመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ በዓል፣ በፍቼ ጫምባላላ፣ ጉዱማሌ አደባባይ ላይ ይደምቃል። ቄጣላ ደስታን ብቻ ሳይሆን ቅሬታንና የጋራ አቋምንም ይናገራል። የሐዋሳ ታሪክ ይህን ባሕርዩን አጉልቶታል።

ሐዋሳ በ1952 ዓ.ም. ገደማ በሲዳማ ገበሬዎች መሬት ላይ ተቆረቆረች። ጡረተኛ ወታደሮች ሰፈሩባት፤ የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫም ከይርጋለም ወደ እርሷ ዞረ። አማራው፣ ወላይታው፣ ጉራጌው፣ ከምባታውና ኦሮሞው ለሥራና ለንግድ መጣ፤ አማርኛም የገበያው መግባቢያ ሆነ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የከተማ አስተዳደሩ ነዋሪ 258,808 ሲሆን ሲዳማዎች ግማሽ ያህሉ ነበሩ። በዲላ መንገድ ያለችው ቱላ ግን የእንሰት ገበሬዎች አካባቢ ሆና ቆይታ በኋላ የሐዌላ ቱላ ክፍለ ከተማ ሆነች። ከተማና ገጠር እዚያ ይገናኛሉ።

ከተማዋ የማን ናት የሚለው ጥያቄ ደም አፍስሷል። ሐዋሳን ከሲዳማ ዞን የሚለይ ሐሳብ በመነሳቱ ተቃውሞ የወጡ ሰልፈኞች ግንቦት 16 ቀን 1994 ዓ.ም. ሐዋሳ አጠገብ ባለችው ሎቄ ተገደሉ። በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. ሲዳማ ራሱን የቻለ ክልል ይሁን የሚለው ጥያቄ ሲጠነክር ቄጣላ የሰልፍ ድምፅ ሆነ። በሰኔ 2010 ዓ.ም. በተነሳው የብሔር ግጭት ደግሞ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ብዙ የወላይታ ተወላጆች ተፈናቀሉ። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ከመራጩ 98.5 በመቶው ክልልነትን መረጠ።

«የማን ናት?» የሚለውን ጥያቄ የጣሊያን ራፕም በሌላ አቅጣጫ አንስቷል። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በሮምና በናፖሊ ወጣቶች በያዟቸው ባዶ ሕንፃዎች ውስጥ የፖለቲካ ራፕ አደገ። ከግብፃዊ አባት በሮም የተወለደው ራፐር አሚር ኢሳ በ2006 እ.ኤ.አ. «በገዛ አገሬ ባዕድ» የሚል ትርጉም ያለው ዘፈን አወጣ። የ1992 እ.ኤ.አ. የጣሊያን የዜግነት ሕግ እዚያው የተወለደ የውጭ ዜጎች ልጅ ለዜግነት 18 ዓመት እስኪሞላው እንዲጠብቅ ያደርገዋል።

በሮም ጠያቂው የመጤ ልጅ ሲሆን፣ በሐዋሳ ግን ከተማዋ መሬቱ ላይ የተሠራችበት ሕዝብ ነው። የሁለቱም ጥያቄ ፍትሐዊ ነው። ዛሬ ሐዋሳ የሲዳማ ክልል ርዕሰ ከተማ ናት። የቱላ ገበሬ መሬቱና ቋንቋው ሊከበሩለት ይገባል፤ ከሌላ አካባቢ መጥቶ ኑሮውን የመሠረተው ነዋሪም በከተማው ያለ ስጋት የመኖር መብት አለው።