የጄኔራል ዩሊሲስ ግራንት ማስታወሻ፣ ሁለት ቅጽ

ይህ የጦር ሜዳ ማስታወሻ የተጻፈው ለቤተሰብ መተዳደሪያ ነው። ግራንት እ.ኤ.አ. በ1884 በኪሳራ ገንዘባቸውን ሁሉ አጡ፤ ጉሮሯቸውም በካንሰር ተያዘ። መዋጥ እስኪያቅታቸው ቢሠቃዩም ብዕራቸውን አላስቀመጡም፤ ሥራውን በጨረሱ በቀናት ውስጥ፣ ጁላይ 23 ቀን 1885 አረፉ። ባለቤታቸው ጁሊያ ከሽያጩ 450,000 ዶላር ያህል አገኙ።

የጻፉት ለዝና ነው የሚል ይኖር ይሆናል። ዝናማ ነበራቸው፤ የአሜሪካን የእርስ በርስ ጦርነት ያሸነፉ፣ ሁለት ጊዜም ፕሬዚዳንት የሆኑ ሰው ናቸው። ለቤተሰብ ብለው መጻፋቸውን ለመረዳት ይልቅ ወደ 1854 መመለስ ይሻላል፤ ያኔ ከሩቁ የካሊፎርኒያ ጦር ሰፈር ሹመታቸውን ትተው ወደ ቤታቸው ገቡ። ያስወጣቸው መጠጥ ነው ይባላል፤ ምናልባት እርሱም ነበረበት። ከዚያ ለጁሊያ የላኳቸው ደብዳቤዎች ግን የሚስትና ገና ዓይኑን ያላዩት የሁለተኛ ልጃቸው ናፍቆት የሞላባቸው ናቸው።